አንድ ትምህርት በሁለት መዝገብ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያበቃው የት ላይ ነው? የኮሌጅ ትምህርትስ የሚጀምረው ከየት ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰና ፈተናውን ያለፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያላለፈው ከደጅ ይቀራል ተብሎ ባጭሩ ይመለስ ይሆናል። ነገር ግን የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ገልጦ ለተመለከተ ሰው፣ ይህ ወሰን አንድ ጊዜ ተተክሎ የቀረ የድንበር ድንጋይ አለመሆኑ ይገለጥለታል። ባለፉት ሰባ ዓመታት አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ላይ ሲዛወር ኖሯል። በተዛወረም ቍጥር የተጠቀመ አለ፤ የተጐዳም አለ። ከሁሉ ይልቅ ዕድሉ ከወሰኑ ጋር አብሮ ሲዛወር የኖረው ከከተማ ርቆ የሚማረው የገጠር ልጅ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው መመርመር ለወላጅም፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰውም የሚጠቅም ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ አንዳንድ የኮሌጅ ትምህርቶችን አስቀድሞ የሚወስድበት ሥርዓት ተሠርቷል። ተማሪው አንድ የሒሳብ ወይም የታሪክ ትምህርት ተምሮ ሲያልፍ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍለታል፤ ያው ውጤት በኮሌጁም መዝገብ ይቈጠርለታል። በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አንባብያን ምሥጢሩን ፈጥናችሁ ትረዱታላችሁ። አንድ ሠራተኛ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር የአገልግሎት ዘመኑ ተቈጥሮለት ይሄዳል እንጂ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ከዜሮ አይጀምርም። ያለፈው ድካሙ ባይቈጠርለት ኖሮ ለዝውውር የሚነሣ ሰው ባልተገኘም ነበር። የተማሪም ድካም እንዲሁ ነው፤ በሄደበት ሁሉ የሚከተለው መዝገብ ይፈልጋል።

ነገሩን ከራሳችን አገር እንጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ባለው አገር፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጉንደ ወይን ትገኛለች። ወረዳው በሰሜን እስከ ዐባይ ድረስ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ደቡብ ጎንደር ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤቱ እነብሴ ሳር ምድር ሲሆን፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሯት መርጡለ ማርያም የምትገኘው በዚያ ነው። ወደ ደቡብ ደብረ ወርቅ አለ፤ ወደ ቢቸናም ሲወረድ የቅኔ መምህራን የተነሡበት ዲማ ጊዮርጊስ አለ። እንግዲህ ትምህርት በዚህ አገር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም። ዳቦ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ ደባሎ ለብሶ የሚማር ተማሪ አገር ላገር ሲዞርበት የኖረ ምድር ነው።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ተማሪው የሚመዘነው በዕድሜው ወይም በቈየበት ዘመን ብዛት ሳይሆን በሚቀኘው ቅኔ ነው። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ እያለፈ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ሁሉን ሲፈጽም «ቤት ሞላ» ይባላል። ፈጣኑ ተማሪ ዘገምተኛውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም በፈጣኑ ምክንያት ከጉባኤው አይባረርም። የቀደመው ተማሪ ራሱ ከመምህሩ እግር ሥር እየተማረ ታናናሾቹን ያስቀጽላል። ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገርም ደረጃውን የሚገልጥለት ወረቀት ሳይሆን አፉ ነው፤ ቅኔውን ሲያቀርብ አዲሱ መምህር ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። በዚህ ሥርዓት በታችኛውና በላይኛው ትምህርት መካከል የቆመ ግንብ አልነበረም፤ የነበረው ደረጃ ነው።

ግንቡ የታየው ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ወደ እነዚህ ቤቶች ከመጡት መካከል ብዙዎቹ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት ቅኔ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት የቀጠሉ ናቸው። ነገር ግን አዲሱ ትምህርት ቤት ለቅኔው ዓመታት የሚሆን ዐምድ በመዝገቡ ላይ አላዘጋጀም ነበር። ስለዚህ ጢም ያወጣ፣ ሰዋስው የጠነቀቀ ሰው ከሕፃናት ጐን ተቀምጦ ኤ፣ ቢ፣ ሲን ይቈጥር ነበር። የእንግሊዝኛው ቋንቋ ከፊደሉ መጀመሩ ግድ ቢሆንም፣ የሰዋስውና የማስታወስ ችሎታው፣ ነገርን አሠርቶ የማየት ልማዱ በአዲሱ ቤት ሳይቈጠር ቀረ። በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ መጀመሪያ የጠፋው መዝገብ ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ከጠላት ወረራ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ባንድ ቆሙ። የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1938 ዓ.ም. ተከፈቱ። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳዊው ሉሲየን ማት የሚመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ33 ተማሪዎች ሥራውን ጀመረ። ኮሌጁ እየሰፋ፣ ሌሎችም ኮሌጆች ተጨምረውበት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ፤ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲቆም በአሥራ ሁለተኛ ክፍልና በኮሌጅ መካከል ያለው ፈተናም አብሮ ጸና። ከጎጃም ገጠር ተነሥቶ እስከዚያ ለሚደርስ ልጅ መንገዱ ረጅም ነበር። አንደኛ ደረጃውን በአቅራቢያው ቢያገኝ፣ ለሁለተኛው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ መውጣት፣ ቤት መከራየት፣ ስንቅ ማስላክ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ያለው አዲስ አበባ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ወሰኑን ሆን ብለው ዝቅ ያደረጉ ሦስት ሥራዎች ተሠርተው ነበር። እነዚህን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረው ሐሳብ በእኛ ዘንድ ሥር እንዳለው ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የጅማ ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በኦክላሆማ ኮሌጅ መምህራን እርዳታ የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ነገር ግን የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ የኮሌጁ የመጀመሪያ ክፍሎች ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚያው ጅማ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃውና የኮሌጁ ተማሪ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ማሳ ላይ ሠሩ። ሕንፃ ሳይኖር ትምህርቱን አስቀድሞ መጀመር እንደሚቻል ይህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ለጎጃም ቅርብ የሆነው ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋም አሥረኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎችን ይቀበል ነበር። ተማሪው አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን በሌላ ቤት ጨርሶ እንዲመጣ አልተጠየቀም። ቀለሙንም፣ የብረታ ብረቱን፣ የጨርቃ ጨርቁን፣ የኤሌክትሪኩን ሙያም በአንድ ጣሪያ ሥር እየቀሰመ ዲፕሎማውን ይዞ ይወጣ ነበር። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ወልዷል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ለርእሳችን የቀረበው የልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ፋኩልቲ ሥር የነበረ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ አሥራ አንደኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት የጨረሱ ወጣቶች ተመርጠው ወደ አዲስ አበባ ይመጡና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እያደሩ ይማሩ ነበር። ዓላማው ለአገሪቱ የሚያስፈልጉትን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከጎበዞቹ መካከል አስቀድሞ መያዝ ነው። እስከ ትናንት ድረስ መጽሐፍ ተሻምቶ ያነበበ የገጠር ልጅ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ባንድ ዓመት ቀደም ብሎ አገኘው። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ከመጣው ጓደኛው ጋር አንድ አልጋ ቤት አደረ፤ ዩኒቨርሲቲም በስም የሚፈራ ሳይሆን በእግሩ የሚመላለስበት ስፍራ ሆነለት። ፈተናውን አልፎ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኮሌጁ ሲሻገር እንደ እንግዳ አልገባም።

የዚህን ሥራ ጥቅም ስናነሣ ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። በአንድ በኩል የጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍሉን በሚከፍትበት ዕለት ምርጥ ምርጡን ልጅ አጥቶ ይገኝ ነበር፤ የቀሩትም በአጠገባቸው ሆኖ የሚያነቃቃቸውን ጓደኛ አጡ። በሌላ በኩል ተማሪው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢማርም የተማረው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንጂ የኮሌጁን የመጀመሪያ ዓመት አልነበረም፤ ዓመቱም በአንድ መዝገብ ብቻ ተቈጠረ። ልጁ ወደ ትምህርቱ ተወሰደ እንጂ ትምህርቱ ወደ ልጁ አልመጣም።

ትምህርቱን ወደ ልጁ ለማምጣት የተሞከረው በሌላ መንገድ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። የዩኒቨርሲቲው ወጣት በአውራጃ ከተማ ጠመኔ ይዞ በቆመ ጊዜ ተማሪዎቹ ከመጽሐፉ ሌላ በእርሱ በራሱ ዘንድ ዩኒቨርሲቲን አዩ። ይህ አገልግሎት ከአብዮቱ በኋላ በዚያው መልኩ አልቀጠለም።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርቱን ደረጃዎች እንደ ገና ከፋፈላቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ተቀመጠ፤ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ «መሰናዶ» ተባሉ። መሰናዶው ሲጀመር ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ፤ በብዙ የትምህርት ዘርፎችም የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። አንባብያን ሆይ፤ ነገሩን በጥንቃቄ ብናየው አሜሪካኖች ለጥቂት ተማሪዎች በፈቃድ የሚሰጡትን ትምህርት እኛ ለመላው አገር በደንብ አዘዝነው ማለት ነው።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። የጉንደ ወይን ልጅ የኮሌጁን የመጀመሪያ ትምህርት ከወላጆቹ ሳይርቅ እንዲያገኝ ያስችል ነበር። የጎደለው ሌላ ነው። ትምህርቱ ሲወርድ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የዩኒቨርሲቲው መምህር አብረው አልወረዱም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» የተባለው ቴሌቪዥን ተተክሎ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይሰጥ ጀመር። መስኮቱ ግን ጥያቄ አይቀበልም፤ ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በመጨረሻም በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ፤ የአሥረኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና ቀረ፤ ወሰኑም ወደ ቀድሞ ስፍራው ወጣ።

ከዚህ በኋላ የታየው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ ሆነ። ከገጠር የመጡ አያሌ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በፈተና ቀን ነው። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከወደቁት መካከል የተሻሉትን ተቀብለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መስጠት ጀመሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛ ደረጃው የዩኒቨርሲቲውን ሥራ እንዲሠራ ታዝዞ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ደረጃውን ሥራ ሊሠራ ግድ ሆነበት። ሁለቱ ቤቶች ጐን ለጐን ቆመው ሳይነጋገሩ ከቀሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት በየተራ ሲሸከም ይኖራል።

የውጭው ዓለም ታሪክ በዚህ ረገድ ምን ያስተምረናል? በ1944 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ከተማ የሚገኘው የሞርሃውስ ኮሌጅ፣ በጦርነቱ ምክንያት የተማሪዎቹ ቍጥር ስለ ቀነሰ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ወጣቶችን በመግቢያ ፈተና ይቀበል ነበር። በዚህ በር ከገቡት አንዱ የ15 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዘዴ ጀመረ። ተማሪውን ወደ ግቢው ከመጥራት ይልቅ የሁለተኛ ደረጃውን አስተማሪ መርምሮ አጸደቀና፣ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት እዚያው በትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ አደረገ። በ1974 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ በላጓርዲያ ኮሌጅ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የኮሌጅ ትምህርት ሲወስዱ ወጪውን መንግሥት እንዲችል በሕግ ደነገገ።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ችግር የሄደ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን ከከተማ የራቀው ትምህርት ቤት የሚጸድቅለት አስተማሪ ያጣል፤ አንዱ ኮሌጅ የሰጠውን ውጤት ሌላው አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ክፍያ በሚጠየቅበት ስፍራም የድኻው ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ እኛ የምንወስደው ሥርዓቱን እንዳለ ሳይሆን ልምዱን ነው።

ለእኛ የሚበጀው ምን እንደ ሆነ ከራሳችንም ከሌሎችም ታሪክ ሦስት ነገሮችን መለየት ይቻላል።

አንደኛ፣ መምህሩ ይቅደም። በጅማም፣ በባሕር ዳርም፣ በበእደ ማርያምም የተሳካው ወጣቱ ከፍ ያለውን ትምህርት ከሚያውቅ ሰው ጋር ፊት ለፊት ስለ ተገናኘ ነው። በመሰናዶው ዘመን የጎደለውም ይኸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለምሥራቅ ጎጃም ጎረቤት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል አቋቁሞ የቤተ ሙከራ ትምህርት ሲሰጥ ቈይቷል። ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ቤት በሩን መክፈት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ርቀቱን ማሰብ ያስፈልጋል። ለባሕር ዳር ከተማ ልጅ ቅዳሜ ጧት ወደ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ መመለስ የእግር መንገድ ነው፤ ለጉንደ ወይን ልጅ ግን የመኪና ሒሳብ፣ የማደሪያና የስንቅ ጕዳይ ነው። ልጅቱ ሴት ስትሆን ደግሞ የእናትና የአባት ሥጋት ይጨመርበታል። ስለዚህ ለገጠሩ የሚስማማው የኮነቲከቱን የመሰለ መንገድ ነው። ጎበዙ የትምህርት ቤቱ መምህር በክረምት በዩኒቨርሲቲው ሠልጥኖና ተመርምሮ፣ አንድ ወይም ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቶችን እዚያው ያስተምር። ጎበዙ ልጅ ይቀድማል፤ ቀሪዎቹም ጓደኛቸውን አያጡም።

ሦስተኛ፣ የተማሩት ይቈጠር። ተማሪው ከጉንደ ወይን ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢመደብም፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐዋሳ ቢመደብም፣ ያለፈው ትምህርት ተጽፎ ሊከተለው ይገባል። በምደባ የሚሄድ ተማሪ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ አስቀድሞ አያውቅምና አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚያውቀው ውጤት ለእርሱ ዋጋ የለውም። የጋራው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት መሆኑ ይህን ለመፈጸም ያመቻል።

ነገሩ የሚመለከተው ፈጥኖ መመረቅ የሚሹትን ጥቂት ጎበዞች ብቻ ነው የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቈይተዋል። ዓመታት የባከኑበት ወጣት ወደ ክፍሉ ሲመለስ ዕድሜው ከክፍሉ ቀድሞ ይገኛል። እንዲህ ላለው ተማሪ አንድ ድካም በሁለት መዝገብ ቢቈጠርለት ጥቅሙ ችኰላን ማርካት አይደለም፤ የባከነውን ዘመን በከፊል መካስ ነው። በአንጻሩ መሠረቱ ያልጸና ተማሪ በጥድፊያ ወደ ላይ ቢገፋ ውድቀቱ ከቀድሞው የከፋ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያው፣ እንደ ቅኔ ቤቱ፣ ዕድሜ ወይም ክፍል ሳይሆን የተማሪው ችሎታ ሊሆን ይገባል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ሥራ ታላላቅ ሕንፃዎችን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የትምህርት ሚኒስቴር፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮና ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው መዝገባቸውን እንዲያስማሙ ነው። መዝገብ የሚያዘጋጀው፣ ደንብ የሚያረቅቀው፣ በጀት የሚያስይዘው፣ ደብዳቤ ወጪ የሚያደርገው ደግሞ እንደ እናንተ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቅኔ ጠንቅቆ የመጣውን ተማሪ ከፊደል ያስጀመረው ክፋት አልነበረም፤ ያን ዕውቀት የሚጽፍበትን ዐምድ በመዝገቡ ላይ ያሰመረ ሰው አለመኖሩ ነው። ለነገው ተማሪ ያን ዐምድ ማስመር በዛሬዎቹ የመዝገብ ባለአደራዎች እጅ ነው።